ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ

እናታችን አባይነሽ ያረፈችው በ2017 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ወንድሜ ሰውአገኝ ያን ጊዜ ጎንደር፣ ማራኪ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። እኛ ከዳባት በላይ ባለው ደጋ ላይ ነን፤ ኔትወርክ ከጠፋብን ቆይቷል፣ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሚኖረው። በመካከላችን የሚመላለሰው እህል ነጋዴው አያ ምትኩ ብቻ ነበር። መንገድ ባገኘ ቁጥር ደብዳቤ ይዞ ይወርዳል፣ መልስ ይዞ ይወጣል።

እማን የቀበርናት ዕለት ወንድሟ አያ በላቸው ጠርቶ፣ ለሰውአገኝ አንዳች እንዳልጽፍ ከለከለኝ። "መርዶ በወረቀት አይሄድም፤ ሰው ሆኖ ይሄዳል" አለኝ። እውነቱን ነው። በእኛ አገር ሰው የእናቱን ሞት የሚሰማው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ከቦት፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ባለበት ነው። ሰውአገኝ ግን እዚያ ዘመድ የለውም። የመውጫ ፈተናውም እየደረሰ ነበር፤ እማ ደግሞ የኖረችው ለዚያ ፈተና ነው። ሽማግሌዎቹ "ፈተናውን ይጨርስ፣ ከዚያ ወርደን እንነግረዋለን" ብለው ወሰኑ። ደብዳቤ ባቆም ይጠረጥራል። ስለዚህ ስለ ሽሮና ስለ ድንች መጻፌን ቀጠልኩ፣ በእናቴ አፍ እየተናገርኩ። አሁን ሰዎች "እንዴት ቻልሽው?" ይሉኛል። ደብዳቤዎቹ እነዚሁላችሁ፤ የጠፉም አሉ፣ ያሉት ግን እንዳሉ ናቸው።

የትነበርሽ

*

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሰውአገኝ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ከላሟ ጠባይ በቀር የሚያስከፋን የለም። ከግቢ ወጥተህ ቤት መከራየትህን አያ ምትኩ ነግሮናል። ጨጓራህ የግቢውን ወጥ አልቀበልም ካለ ምን ታደርግ። እማ ግን ራስህ እየሠራህ እንደምትበላ ስትሰማ "ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር?" ብላ እስኪበቃት ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች። ቀጥላ ደግሞ "በይ እስክርቢቶ አምጪና የምልሽን ጻፊ" አለችኝ።

ሽንኩርቱ የመረረብህ ስለቸኮልክ ነው። "በደረቁ፣ በቀስታ እሳት፣ ውሃ ጠብ እያደረገ ያቁላላው። ዘይቱ በኋላ ይመጣል፣ የትም አይሄድበትም" ትላለች። በርበሬው ከገባም በኋላ የጥሬው ሽታ እስኪጠፋ ታገሥ። ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ ይሁን። መጠኑን ጠይቀሃል። እማን ስጠይቃት "መጠኑንማ እጅ ያውቀዋል" አለችኝ። ያንተ እጅ ከእስክርቢቶ ሌላ እንደማያውቅ ብነግራት "እንግዲያው ይማር፣ ለመማር አይደል የላክነው" አለች።

ስለ ሽሮው ግን ቤታችን ውስጥ ጠብ አለ። እኔ የምሠራው ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ነው፤ አይጓጉልም። እማ ይህን ልጽፍልህ መሆኑን ስታውቅ ከመደቡ ተነሣች። "ሽሮ አይበጠበጥም። ውሃው ሲንተከተክ በአንድ እጅ ይነሰነሳል፣ በሌላው ይማሰላል። የተበጠበጠ ሽሮ የበሽተኛ አጥሚት ነው፤ እኔ በቁሜ ልጄ አጥሚት አይበላም" ብላሃለች። ታውቃታለህ፣ እማ ካለች አለች ነው። አያ በላቸው እንኳ ታላቅ ወንድሟ ሆኖ አንድ ቀን ተከራክሮ አሸንፏት አያውቅም። አንተ ግን እኔ እንዳልኩህ በጥብጠህ ብላና፣ ለእሷ "ነስንሼ ነው" በላት። ማንበብ አለመቻሏ ዛሬ ጠቀመኝ።

እህትህ የትነበርሽ

*

ማራኪ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ አያ ምትኩ ባለፈው መጥቶ ሲያጣኝ እማ የላከችውን የድርቆሽ ጆንያ ለአከራዬ ለእትዬ አምሳል ሰጥቶ ሄዶ ነበር። እማን በእኔ ስም ጉልበቷን ሳሚልኝ። ያን ሁሉ እንጀራ ቆርሳ ፀሐይ ላይ እያገላበጠች ስታደርቅ ይታየኛል። ዶሮዎቹን የምታባርርበት ድምፅ ሳይቀር ይሰማኛል። ድርቆሽ ለተማሪ ስንት ነገር መሆኑን እዚህ ካልኖሩ አይገባም። ከትምህርት ስመለስ ሽንኩርትና ቲማቲም አቁላላለሁ፣ በርበሬ፣ ውሃ፣ ከዚያ ከእማ ጆንያ ሁለት እፍኝ። ከሰሉ ሳይከስም ራቴ ደርሷል። መብራት ጠፋ አልጠፋ አይመለከተኝም።

አዎ፣ ብቻዬን አይደለሁም። አቢ የሚባል የጭልጋ ልጅ አብሮኝ ይኖራል፣ የኪራዩን ግማሽ ይከፍላል። እሱ ምድጃ አይነካም፤ እናቱ ብታየው ራሷን ትስታለች ይላል። ሲበላ ግን እናቱ ትዝ አትለውም። ሰፈሩ ሁሉ አወቀን፤ ሽንኩርት በጣልኩ ቁጥር እትዬ አምሳል ከጓዳቸው ሆነው "ልጄ፣ እሳቱን ቀንሰው" ይሉኛል።

ሽሮውን አልዋሻትም። እማ እንዳለችው ነሰነስኩት። እጄ ከማማሰያው ጋር አልስማማ አለ፣ ጓጎለ። አቢ አንዱን ጓል ቆርሶ ከጎረሰ በኋላ "ድንች መጨመርህ ጥሩ ነው" አለኝ። ድንች አልጨመርኩም ነበር። ንገሪያት፣ ትስቅ።

ስለ እማ ሳል ከዚህ በፊት በላክኋቸው በሁለቱም ደብዳቤዎች ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም።

ወንድምሽ ሰውአገኝ

*

ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሰውአገኝ፣

ጥምቀት እንዴት ነበር? እኛ ታቦት ሸኝተን ገባን። እማ እስከ ዋርካው ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

ዝም ያልኩህ ስለከለከለችኝ ነው። "ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ የእኔን ሳል ተሸክሞ አይቀመጥም" ትላለች። እኔ ግን እጽፍልሃለሁ። ሳሉ አልተዋትም። እግሯ ያብጣል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ጤና ጣቢያ አውርጄያት ኪኒን ሰጥተዋታል፤ "ጎንደር ሐኪም ቤት ትታይ" ብለዋል። መንገዱ እንደተከፈተ እናመጣታለን። አያ ምትኩ ገቢና ውስጥ ከእሱ አጠገብ እንደሚያስቀምጣት ቃል ገብቷል።

ድንቹን በሰማች ጊዜ ስቃ ስቃ ሳሏ ተነሣባት፣ በኋላ ተቆጣሁህ። እንዲህ ብላሃለች፤ "እጁን ወደ ላይ ያንሣው። ከከፍታ፣ እንደ ካፊያ። የሚጓጉልበት ዱቄቱን እንደ ዶሮ ጥሬ ስለሚበትነው ነው። እስኪችል ጓሉን ይብላ፤ ጓል የበላ ሰው አይሞትም።" ምስር ክኩን ደግሞ ቀድመህ አጥበህ ዘፍዝፈው፣ ከሰል ይቆጥብልሃል። ይህ ከእኔ ነው፣ እሷም አልተቃወመችም፤ ምነው ዛሬ ታምሪያለሽ አልኳት።

አንተ አጥና። ሸጋ ሸጋውን አስብ።

እህትህ የትነበርሽ

*

ማራኪ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

እንኳን ለጾሙ በሰላም አደረሳችሁ። ቀኑን ቁረጥ ብለሽ በአያ ምትኩ ስለላክሽብኝ ቆርጬ እጽፋለሁ፤ መቼም ይሁን መቼ፣ መንገዱ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን አምጫት። ሁሉንም አዘጋጅቻለሁ። እትዬ አምሳል አልጋ ሰጥተውኛል፣ ትደገፍበት ዘንድ ሦስት ትራስ ተውሻለሁ። አቢ እሷ እስክትመለስ ጓደኛው ዘንድ ያድራል። ሐኪም ቤት ወረፋ የሚይዝልኝ ልጅም አለ።

አሁን ከሁሉ በላይ የማስበው ራቱን ነው። አትሳቂብኝ። እታለም፣ እማ ተቀምጣ ትኩስ ነገር ስትበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። ሁሌ እኛ ከበላን በኋላ ነው፣ ያውም ጥግ ሆና፣ የቀዘቀዘውን። አባዬ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ነው። እንግዲህ እኔ ቤት እንግዳ ናት። ሆዷን እንዳይነካት ድንች አልጫ በእርድ እሠራለሁ፣ ጨው ቀንሼ፣ ሐኪም ይከለክል ይሆናል ብዬ። ሁለት ሳምንት ተለማምጄዋለሁ፤ አቢ ድንች እንዳያይ ጸልይልኝ እያለኝ ነው። ሳህኑን ፊቷ አቀርባለሁ፣ እጇን አስታጥባታለሁ፣ ሳትጨርስ አልነሣም። ከዚያ በኋላ ፈተናው ቢከብድም ግድ የለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪያት። በጾም ሰው አይዋሽም። ሽሮውን ወር ሙሉ በከፍታም በዝቅታም ነሰነስኩት፣ እምቢ አለኝ። አሁን እንደ አንቺ በቀዝቃዛ ውሃ እየበጠበጥኩ ነው የምበላው። ሳትደባብቂ ንገሪያትና ትቆጣኝ። ቁጣዋን ቃል በቃል ጻፊልኝ፣ ናፍቆኛል።

ሰውአገኝ

*

መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሰውአገኝ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። ዘግይቼ ስለጻፍኩ አትቀየመኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ቤትም ሰው በዝቶብን ነበር።

እማ ደህና ናት። ሳሉ ቆሟል። ማታ ማታ እንደ ድሮው አትቸገርም። ስለዚህ ጎንደር መምጣቱ ይቅር ተብሏል። ትራሶቹን መልስ፤ አቢም ወደ አልጋው ይመለስ። ስላዘጋጀህላት ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ ደብዳቤህ በደረሰ ዕለት ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤላታለሁ፣ ስለ ራቱ ያልከውን ሁለት ጊዜ።

ሽሮውን ስለመበጥበጥህም ነግሬያታለሁ። "ይሁን፣ የቀናውን ያድርግ" ብላለች።

ጎመኑን ስትሠራ ግንዱን ለብቻ ቀድመህ ቀቅለው፣ ቅጠሉ ቶሎ ይደርሳል። ድርቆሹ ምን ያህል ቀርቶሃል? እባክህ ሰዌ፣ እየቆጠብክ ብላው። አቢን ሌላ ነገር አብላው። ከእሱ ላይ አታካፍል። ለምን እንዳትለኝ፣ በቃ እኔ ስላልኩህ።

ጽሕፈቴ ከተበላሸብህ ጭሱ ነው፤ እንጨቱ እርጥብ ነው።

የትነበርሽ

*

ማራኪ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ወዲያው ልመልስልሽ ብዬ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነሣሁ። ይቅር በይኝ።

አያ ምትኩ ሲያመጣልኝ እንደ ወትሮው ገብቶ የሠራሁትን ይቅመስ ብዬ ብለምነው ጭነት አለብኝ ብሎ ከበር ተመለሰ። "ዛሬስ ምን አሳረርክ?" ሳይለኝ የሄደበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሲሄድ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።

ድርቆሹ ከጆንያው ሥር ትንሽ ቀርቷል። እንዳልሽኝ አስሬ ራስጌዬ አስቀምጬዋለሁ። አቢ አልተቀየመኝም።

ስለ እማ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ሳሉ ቆሟል ማለትሽ ጥሩ ነው። ከእንግዲህ ግን "እማ እንዲህ ትላለች" እያልሽ አትጻፊልኝ። እሷንም አንቺንም ያደክማል። ካሁን በኋላ አንቺ የምትሠሪውን፣ በራስሽ አፍ ጻፊልኝ። ያንቺም እጅ ጥሩ ነው፤ ነግሬሽ አላውቅም እንጂ።

አንቺስ ማታ ምን ትበያለሽ? ከማን ጋር ትበያለሽ?

ለፈተናው አታስቢ። አቢ ጠዋት ጠዋት እየቀሰቀሰኝ አብረን ነው የምናጠናው። እቀመጣለሁ፣ አልፋለሁም። እሱን ለእማ ቃል እንደገባሁላት ነው።

ወንድምሽ ሰውአገኝ

*

ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሰውአገኝ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። እኛ ዘንድሮ ዶሮ አላረድንም፣ ጎረቤት አመጣልን።

ደብዳቤህ ግራ አጋባኝ። ተቀየምከኝ ይሆን ብዬ ለአያ በላቸው አስነበብኩት። እሱም አጥፎ መለሰልኝ። ጥያቄህን ልመልስልህ ብዬ ስንት ቀን አሰብኩበት መሰለህ። "ማታ ምን ትበያለሽ?" ብሎ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚጠየቀው ምን ሠራሽ ተብሎ ነው።

እውነቱን ልንገርህ። ድስቱን እንደ ድሮው ሞልቼ እጥዳለሁ። እጄ የለመደው እሱን ነው። እማ እህል አትቀምስም፤ ይተርፋል። ጠዋት ለውሻው እገለብጠዋለሁ፣ ያሳዝነኛል፣ ነውርም ነው። ከዚያ ይበቃኛል ብዬ ሁለት ሦስት ቀን ሳልጥድ እቀራለሁ፣ ቆሎ ቆርጥሜ እተኛለሁ። ከስተሻል ይሉኛል። ብዙ ሰው ማብላት እችላለሁ፤ ሠርግም ሆነ ተዝካር፣ አምጡልኝ። ጥቂት መሥራት ግን አላውቅበትም ሰዌ። ለጥቂት ሰው የሚሠራበትን ማንም አላስተማረኝም።

ምን ነካኝ፣ አንተ ፈተና እያለብህ የእኔን ድስት አጻፈኝ። እማ ትስምሃለች። በእሷ አፍ አትጻፊ ብለኸኛል፣ ስለዚህ መሳሙን ብቻ።

የትነበርሽ

*

ማራኪ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

አልተቀየምኩሽም። በምን አንደበቴ።

እንግዲህ አንድ ጊዜ እኔ ላስተምርሽ። ትልቁን ድስት አንሺና ቆጡ ላይ ስቀይው፣ ዓይንሽ እንዳያየው። ለእማ መድኃኒት ውሃ የምታሞቂበት ትንሿ ድስት አለች አይደል፣ እሷን አምጪ። እሳቱን መጀመሪያ አሳንሺ። አቢን ያስቸገረው እሱ ነው፤ ትንሽ ምግብ በትልቅ እሳት ያርራል። ሽንኩርት ትንሽ ራስ፣ ትልቅ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። በደረቁ፣ በቀስታ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ። በርበሬ በማንኪያ ጫፍ። ዘይት ድስቱን የሚያርስ ያህል። ውሃ በሻይ ብርጭቆ አንድ ሞልተሽ አንድ ግማሽ። ሽሮ ሁለት ማንኪያ፣ ከሞላ አንድ ተኩል። መበጥበጡና መነስነሱ ላይ አልገባም።

የሚያምረው ነገር ቶሎ መድረሱ ነው። የሚከፋው ደግሞ ያው እሱ ነው፤ ሠርተሽ ስትጨርሺ ምሽቱ ገና ነው። ከግቢ እንደወጣሁ አቢ ከመምጣቱ በፊት እኔም ቆሜ ከድስቱ ነበር የምበላው። እንደዚያ አታድርጊ። ሳህን ላይ አውጪው፣ እጅሽን ታጠቢ፣ መደቡ ላይ ተቀመጪ። ለእንግዳ እንደምታቀርቢው ለራስሽ አቅርቢ። የሚጠራሽ ካለም "እየበላሁ ነው" በይ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከእናቴም ካንቺም አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ጎመን ወይ ድንች ከጓሮ ካለ በማግስቱ እሱን። ሁልጊዜ ሽሮ ይሰለቻል። ውሻው ይቀየም፣ ይለምደዋል።

ሰውአገኝ

*

ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሰውአገኝ፣

ሠራሁት። ልጅ መሰልኩ፣ ደብዳቤህን ከምድጃው አጠገብ በድንጋይ ጫን አድርጌ እያየሁ ነው የሠራሁት። ትንሿን ድስት ለማንሣት ብዙ ቆየሁ፤ ከተጠቀምኩባት ቆይቻለሁ። አንተ እንዳልከው ሳህን አወጣሁ፣ ተቀመጥኩ። የጎረቤታችን ልጅ ጥሩነሽ ከበር ስትጠራኝ "እየበላሁ ነው" አልኳት። ደንግጣ ተመለሰች፣ ይቅርታ ብላኝ።

ጨረስኩት። አልተረፈም፣ አላነሰምም። ባዶውን ድስት ሳይ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ አለቀስኩ። ጭስ አልነበረም። በቃ ለአንድ ሰው የሚበቃው ይሄን ያህል ብቻ ነው? አሁን ግን እየሠራሁ እበላለሁ፣ በየማታው፤ አያ በላቸው ፊትሽ ተመለሰ ብሎኛል።

ፈተናህን ስትጨርስ ልንጠይቅህ እንመጣለን። እኔ፣ አያ በላቸው፣ ሌሎችም ዘመዶች። አያ በላቸው ቁስቋም ስለት አለበት፣ እግረ መንገዳችንን ነው። ጠዋት በማለዳ እትዬ አምሳል ቤት እንደርሳለን፣ ቀኑን አያ ምትኩ ይነግርሃል። የዚያን ዕለት ከቤት እንዳትወጣ። አቢም ይኑር። ሌላ ምንም አታዘጋጅ፣ ራትም አትሥራ።

እማ ትስምሃለች።

እህትህ የትነበርሽ

*

ማራኪ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ፈተናውን ጨርሻለሁ። ሳልሠራ የተውኩት ጥያቄ የለም። ከአዳራሹ ስወጣ ለማን እንደምነግር ግራ ገብቶኝ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ላንቺ ልጽፍ መጣሁ።

አያ በላቸው ቁስቋም ስለት የለበትም። አትውረዱ። ያን ሽማግሌ ጭነት ላይ አታንገላቱት። እኔ እመጣለሁ።

እታለም፣ አውቃለሁ። ከመጋቢቱ ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቃለሁ። ደህና ናት ብለሽ የጻፍሽውን አምኜ ነበር። ሳሉ ቆሟል ስትይኝ አቢ እስኪመጣ ቸኩዬ ነበር፣ ልነግረው። ከዚያ ዝቅ ስል "ይሁን፣ የቀናውን ያድርግ" የሚለው ላይ ደረስኩ። እናታችን በሕይወት ኖራ በሽሮ ነገር "ይሁን" አትልም። ትሰድበኛለች፣ አጥሚት በላተኛ ትለኛለች፣ ምትኩን ልካ ማማሰያ ታስመጣልኛለች እንጂ። ደግሜ አነበብኩት። በእሷ አፍ ልትቆጪኝ አቅም አጥተሽ እንደሆነ ገባኝ። ያን ዕለት ተቆጥተሽኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሳላውቅ እኖር ነበር።

ብቻዬን አልነበርኩም፤ ይህን ለአያ በላቸው ንገሪውና ልቡ ይረፍ። አቢ ከትምህርት ሲመለስ ጆንያውን ታቅፌ አገኘኝ። "እማ የለችም" አልኩት። ምድጃ ነክቶ የማያውቀው ልጅ ከሰል አቀጣጥሎ መኮሮኒ ቀቀለ። እንደ ገንፎ አደረገው፣ ጨው ረሳ። ለሐዘንተኛ እንደሚያቀርቡት ፊቴ አስቀምጦ "እዝን ነው፣ ብላ" አለኝ። በላሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተራ ገብቶ ይሠራል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብን ከረምን። ሳልነግርሽ የቆየሁት ስትጽፊ እማ ለአፍታ አጠገብሽ ያለች ከመሰለሽ ያንን አልወስድብሽም ብዬ ነው። በእሷ አፍ መጻፉ እየጨረሰሽ መሆኑን ስጠረጥር ደግሞ የራስሽን ጻፊ አልኩሽ። ከዚህ የተሻለ አላወቅኩም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ያውቃል ብላችሁ መርዶዬን አታስቀሩብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአያ ምትኩ ጋር አመሻሽ ላይ እደርሳለሁ። ወደ ቤታችን አታስገቡኝ፣ አያ በላቸው ቤት አሳድሩኝ። እንደማያውቅ ሰው ራት ስጡኝ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ አውሩኝ፤ እኔም ስለ ፈተናው አወራለሁ። ጎህ ሲቀድ ተሰብስባችሁ ግቡና ንገሩኝ። እስከ ዛሬ ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩም። የኪራይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሰዉም አያውቃትም። እዚያ፣ የሚያውቋት ሰዎች መካከል ላልቅስ። አንቺ በቀኜ በኩል ሁኚ።

ከድርቆሿ አንድ እፍኝ አለኝ። ይዤው እመጣለሁ። ለቀስተኛው ሲበተን እኔና አንቺ ቤታችን እንግባ። ትልቁን ድስት ከቆጡ አታውርጂ፤ ትንሿ ለሁለት ሰው ትበቃለች። ውሃው ሲንተከተክ እኔ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ሽሮውን እነሰንሳለሁ፣ አንቺ ታማስያለሽ። መጓጎሉ አይቀርም። ድርቆሹን እንፈረፍርበትና ከነጓሉ ተቀምጠን እንበላዋለን፣ በትኩሱ።

ወንድምሽ ሰውአገኝ